አየሩን ያጠሩት ጋሽ ኑሩ

ማክሰኝት ጤና ጣቢያ ሕፃናት የምከትብበት ቀን ነበር። ስልኬ ጠራ። ጎንደር ሳለሁ በአንድ ክፍል አብራኝ ትሠራ የነበረች ነርስ ናት።

«ትርንጎ፣ ተቀምጠሻል?» አለችኝ።

አልተቀመጥኩም። አንዲት እናት ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ መርፌዬን ትጠብቃለች።

«ጋሽ ኑሩ አረፉ። ዛሬ ንጋት ላይ። ከቀትር በፊት ይቀበራሉ፤ አትደርሽም።»

ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ሕፃኑን ወጋሁት። ቀጥሎ የነበረውንም ወጋሁ። ሦስተኛው ላይ ግን አልቻልኩም፤ ባልደረባዬን ጠርቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ለቅሶ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ስለ እሳቸው ሳስብ ሰነበትኩ። ያሰብኩትን ነው የምጽፈው።

ሙሉ ስማቸው ኑርሁሴን ነው፤ ሆስፒታሉ በሙሉ ግን ጋሽ ኑሩ ይላቸዋል። የሕክምና መሣሪያ የሚጠግኑ ቴክኒሻን ነበሩ። አባታቸው ፒያሳ ጨርቅ ይነግዱ ስለነበር የበኩር ልጅ ሆነው ሱቁን መውረስ ይገባቸው ነበር። እሳቸው ግን ገና ጢም ሳያወጡ የተሰበረ ሬዲዮ ፈትተው ገጠሙና በዚያው ቀሩ። ሱቁ ለታናሽ ወንድማቸው ለከድር ተላለፈ። ከድር ከጨርቁ ጎን ለሠርግና ለስብሰባ የድምፅ ዕቃ ያከራይ ነበር። የማይኩ ገመድ ሲበጠስ ወደ ወንድሙ ያመጣዋል፤ ጋሽ ኑሩም በዕረፍት ሰዓታቸው እያጉረመረሙ ይበይዱለታል።

ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ሰማያዊ ቱታቸው ጉልበቱ ላይ ሁልጊዜ የተለጠፈ ሰው ነበሩ። ማሽን ሲያዳምጡ ጠቋሚ ጣታቸውን ያነሣሉ፤ ያን ጊዜ ማንም አይናገርም። አንድ ዶክተር ስለተበላሸ የአክታ መምጠጫ ሲያስረዳቸው ጣታቸውን አነሡበትና «ዶክተር፣ እርስዎ ዝም ካላሉ እሱ አይነግረኝም» አሉት። ዶክተሩ ተቆጥቶ ሄደ። ማሽኑ ግን በሩብ ሰዓት ተነሣ።

እኔ ያኔ የልብ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነበርኩ። ስምንት አልጋ አለን፤ ብዙ ጊዜ አንዲት ነርስ ብቻ ትመደብበታለች። አንድ ቀን ከውጭ አገር በእርዳታ አዲስ መሣሪያ መጣልን። በሽተኛው አንገት ላይ የሲጋራ ፓኮ የምታህል ሳጥን ትንጠለጠላለች። ደረቱ ላይ ከተለጠፉት ሽቦዎች የልቡን ምት ትቀበልና ያለ ገመድ፣ በሬዲዮ ሞገድ፣ እኛ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ስክሪን ትልካለች። ስምንት ሳጥን፣ ስምንት አረንጓዴ መስመር። ከአልጋ አልጋ ስንሯሯጥ እግራችን ላበጠ ሰዎች ተአምር ነበር። እኛ ስናጨበጭብ ጋሽ ኑሩ አንዷን ሳጥን ገልብጠው ጀርባዋ ላይ ያለውን ቁጥር ያነባሉ።

«ይሄ ፍሪኩዌንሲ፣ ሳጥኗ የምትልክበት የሞገድ ቁጥር፣ በመጣበት አገር ለሆስፒታል የተከለለ ነው» አሉኝ። «ሌላ ሰው ቢገባበት ይቀጣል። እዚህ ግን ማንም አልከለለልንም። አጥር የሌለው ማሳ ነው ትርንጎ፤ የማንም ከብት ይገባበታል።»

«አየር ላይ ምን ከብት አለ ጋሼ?» አልኳቸው።

«አየር ባዶ ይመስልሻል? ገበያ ነው እኮ። ሁሉም ይጮኽበታል። ይቺ ሳጥን ደግሞ ድምፅዋ የሕፃን ነው።»

ስለ መሣሪያው ሲያሠለጥኑን አንድ ነገር ደጋግመው አሉን። «መስመሩ ከስክሪኑ ቢጠፋ ሰውየው ደህና ነው አትበሉ፤ ሞተም አትበሉ። ምንም አታውቁም ማለት ነው። ሂዱና በዓይናችሁ እዩት።»

ለፍሪኩዌንሲ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዲጻፍ ለመጠየቅ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄጃለሁ።

«ማሽኑ ይሠራል አይሠራም?» አላቸው ሥራ አስኪያጁ።

«ይሠራል።»

«ታዲያ ለሚሠራ ነገር ምን ደብዳቤ ያስፈልገዋል?»

«ዛሬ የሚሠራው ጎረቤት ስለሌለው ነው። ጎረቤት ሲመጣ፣ ቦታው የእኛ ነው ለማለት ወረቀት ያስፈልገናል።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኦክስጅን የሚያልቅበት፣ መብራት የሚጠፋበት፣ ጓንት የሚቸግረው ሰው ነበር። «ይተዉልኝ፣ አየዋለሁ» አለ። ደብዳቤው እዚያው ቀረ።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ መስመሮቹ መጥፋት ጀመሩ። ስምንቱም በአንድ ጊዜ ድርግም ይላሉ፤ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣና ማሽኑ ይጮኻል። ሮጠን ስንሄድ ሕሙማኑ ተቀምጠው ያወራሉ። ተመልሰን ሳንቀመጥ ደግሞ ይጮኻል። ቅዳሜና እሑድ ይብሳል፤ አንዳንዴ ሐሙስ ከሰዓትም ይመጣል። ከጊዜ በኋላ ድምፁን ማጥፊያዋን ቁልፍ ሳናይ መጫን ለመድን። እኔም ለመድኩ።

ጋሽ ኑሩ ባትሪውን ቀየሩ፣ ሽቦውን ፈተሹ፣ አንቴናውን አወረዱና ሰቀሉ። በመጨረሻ «ሌባው ከውጭ ነው» አሉ። ከአሮጌ የቴሌቪዥን አንቴና የተሠራ መፈለጊያና አንድ መቀበያ ሬዲዮ ይዘው ጣልቃ የሚገባው ሞገድ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ በሆስፒታሉ አጥር ዙሪያ መሄድ ጀመሩ። ጥቂት ይሄዱና ይቆማሉ፤ አንቴናውን ያዞሩና ያዳምጣሉ።

ከተማው ያን ጊዜ ሰላም አልነበረውም። ስልክ ይቋረጣል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ሰው ሰውን ይጠረጥራል። አንድ ጠዋት ከአጥሩ ውጭ አንቴናቸውን እንደያዙ በስለላ ተጠርጥረው ተያዙ። ሆስፒታሉ የጻፈላቸው መታወቂያ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ ማንም አላነበበውም።

ሃምሳ አምስት ቀን ታሰሩ። እኛ ምግብ ይዘን ሄደን ሁለቴ ተመለስን፤ ከዚያ ፈራንና ተውነው። ያልፈራው ከድር ነው። በየቀኑ ሱቁን ዘግቶ፣ አንዳንዴ ሽማግሌ ይዞ፣ አንዳንዴ ብቻውን፣ እስር ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ሲሰድቡትም ይቆማል።

የሺ የሞተችው በዚያ መሀል ነው። ከእንፍራንዝ በላይ ካለ ቀበሌ የመጣች፣ የአንድ ልጅ እናት ነበረች፤ በልጅነቷ በያዛት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልቧ በሮች የተበላሹባት። ሳቂታ ነበረች። ሳጥኗን አንገቷ ላይ ሳስርላት «ይቺ ሸጋ ክታብ ናት፤ ስወጣ ትሰጭኛለሽ?» ብላኛለች። አባቷ አያ ፈንቴ ከክፍሉ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይውሉ ነበር።

እሑድ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። ብቻዬን ነኝ። መስመሮቹ ጠፉ፣ ማሽኑ ጮኸ። አንድ ሽማግሌ ትንፋሽ አጥሯቸው ኦክስጅን እያስተካከልኩላቸው ነበር። ደርሼ ቁልፏን ተጫንኩና ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ። ማሽኑ ዝም አለ። ሽማግሌው ሲረጋጉ ዞር ብዬ አየሁ። የሺ በጎኗ ተኝታለች፤ የተኛች መስሎኝ አልፌያት ሁለት እርምጃ ሄጃለሁ። ከንፈሯን ሳየው ነው የተመለስኩት። ደረቷን እስኪደክመኝ ተጫንኩ። ሐኪሙም መጣ። አልተመለሰችም።

«ምናልባት ብንደርስባትም አትተርፍም ነበር» አለ ሐኪሙ። ደግ ሰው ስለሆነ ነው ያለው። አያ ፈንቴ አልጮኹም። ወለሉ ላይ ተቀመጡና ጫማዋን አንሥተው ታቀፉት።

ጋሽ ኑሩን ከድር ዋስ ሆኖ አስፈታቸው። ወደ ሥራ ሲመለሱ ቱታው ሰፍቷቸዋል፤ የሚስሉት ሳል ከሆዳቸው የሚወጣ ይመስላል፤ የግራ እጃቸው ጣቶች ይንቀጠቀጣሉ። መበየጃውን ለማንሣት ሞከሩና መልሰው አስቀመጡት። ስለ እስሩ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማንን ነው የምትሰማው? አሉኝ። የልብ በሽተኞችን አልኳቸው። ሳቁ።»

ቀጥለው «እኔ በሌለሁበት ሰው ሞተብሽ?» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም። ፊቴ ላይ አይተው ይሆናል። ስሟን ነገርኳቸው። ድምፁን እንዳጠፋሁት ግን አልነገርኳቸውም።

ፍለጋውን መቀጠል አልቻሉም። «ከእንግዲህ አንቴና ይዤ ብገኝ የሚታሰረው ከድር ነው» አሉ። እናም ቅዳሜና እሑድ ያለ ተራቸው መጥተው ከእኛ ጋር ይቀመጡ ጀመር። መስመሩ ሲጠፋ እየሳሉ ከአልጋ አልጋ ይሄዳሉ፤ የሚያውቁት ሕክምና የለም፤ ሰዎቹ መተንፈሳቸውን ብቻ ያያሉ።

ሁለት ወር ያህል አልፎ ከድር ልጁን ዳረ። አዳራሹ ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ነው። ያን እሑድ እኔ ተረኛ ነበርኩ፤ መስመሮቹ ከጠፉ ቆይተዋል፤ እኔም ከየሺ ወዲህ ተቀምጬ አላውቅም፣ እየተመላለስኩ ነው። ስልኬ ጠራ። ጋሽ ኑሩ ናቸው። ከኋላቸው የሰው ድምፅ ይንጫጫል።

«መስመሩ አለ?»

«የለም ጋሼ። ስምንቱም ጠፍተዋል።»

ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። «አሁንስ?»

ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው ተመለሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሁሉም። «መጣ! ስምንቱም መጣ!»

«ቆይ። አሁንስ?»

ድርግም አለ። «ጠፋ።»

«አሁን?»

«መጣ። ጋሼ ምንድን ነው ይሄ?»

ስልኩ ተዘጋ።

የሆነውን ከሠርገኞቹ ሰማሁ። የሙሽራዋ ታላቅ አጎት እንደመሆናቸው ዱዓ እንዲያደርጉ ከድር በኩራት አዲስ ማይክ ሰጣቸው። ገመድ የለውም። ከወራት በፊት አዲስ አበባ ሄዶ አራት ማይክ ገዝቶ በዚሁ አዳራሽ ያከራይ ነበር፤ ለወንድሙ ግን አልነገረም፤ ከእንግዲህ የአንተ ጥገና አያስፈልገኝም ማለት ከብዶት ነው። ጋሽ ኑሩ እንደ ልማዳቸው ማይኩን ገለበጡና ቁጥሩን አነበቡ። የሚያውቁት ቁጥር ነው፤ የሳጥኖቻችን። አራቱንም ሰብስበው ጠረጴዛ ላይ አደረጉና፣ እንግዳው ሁሉ እጁን ለዱዓ ዘርግቶ እየጠበቀ፣ አንድ በአንድ እያጠፉና እያበሩ በስልክ ጠየቁኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ምን ሆንክ?» አለ ከድር።

«ይሄ ዕቃ ሰው ገድሏል» አሉ። ቀስ ብለው ሊሉት ነበር፤ አንዱ ማይክ ግን በርቶ ነበርና አዳራሹ ሁሉ ሰማው።

ከዚያ ማይኩን አጥፍተው በባዶ ድምፃቸው ዱዓ አደረጉ። በሳሉ ምክንያት ከፊት ከተቀመጡት በቀር የሰማቸው የለም።

በማግስቱ ከድር ወርክሾፓቸው መጣ። እኔ የተሰበረ የደም ግፊት መለኪያ ላስረክብ ገብቼ ነበር፤ መውጫ አጣሁ።

«በልጄ ሠርግ ነፍሰ ገዳይ አልከኝ።»

«አንተን አላልኩም። ዕቃውን ነው።»

«ዕቃው የማን ነው?»

ጋሽ ኑሩ መለኪያውን ከእጄ ተቀበሉ።

«ከሱቅ ነው የገዛሁት። በግልጽ ይሸጣል። ማን ከለከለኝ? ይሄ የሆስፒታል ነው የሚል ሕግ የት አለ? አሳየኝ!»

«የለም» አሉ ጋሽ ኑሩ። «ጥፋቱ እሱ ነው፤ የለም።»

«እንግዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«እስከ ትናንት ምንም። ከዛሬ ጀምሮ ግን አውቀሃል።»

ከድር ዓይኑ ቀላ። «ሃምሳ አምስት ቀን በር ላይ የቆምኩት ለዚህ ነው?» አለና ወጣ። ሁለቱ ከዚያ ቀን በኋላ አልተነጋገሩም።

ጋሽ ኑሩ አዲስ ደብዳቤ ይዘው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዱ። «ወንድምዎ ነው፤ በቤተሰብ ይጨርሱት» አላቸው።

«ከድር ቢተው ሌላው ነገ ገዝቶ ያመጣል። ፍሪኩዌንሲው በሆስፒታሉ ስም ተመዝግቦ ይከበርልን።»

«ምን ብዬ ልጻፍ? በሽተኛ ሞቶብን ነበር ብዬ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። ከወንበሩ ተነሥቶ በሩን ከፈተላቸው።

ያን ቀን ወርክሾፓቸው ገብቼ ነገርኳቸው። «የየሺ ጊዜ ድምፁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

አልደነገጡም። «ሁላችሁም ታጠፉታላችሁ። በቀን መቶ ጊዜ የሚዋሽን ማን ያምናል?» አሉ። ከዚያ ግን «ለአባቷ መንገር አለብን» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ምነው? ሰውየው ቀብሮ ተመልሷል።»

«ልጁ እኮ ናት። እኛ የምናውቀውን እሱ ሳያውቅ ሊቀር ነው?»

በአንዱ ሰኞ እስከ እንፍራንዝ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ሁለት ሰዓት የሚወስደው ዳገት እሳቸው እያረፉ ስለሚሄዱ አራት ሰዓት ፈጀባቸው። አያ ፈንቴ ቤታቸው አስገቡን፤ ውኃ አጠጡን። የየሺ ልጅ ጥግ ላይ ተኝታለች። ጋሽ ኑሩ ምንም ሳይደብቁ፣ ሰው እንደሚገባው አድርገው፣ ስለ ሳጥኗ፣ ስለ ሞገዱና ሥራ አስኪያጁ ስላልፈረመው ደብዳቤ አስረዱ።

አያ ፈንቴ «እንግዲህ ልጄን የገደላት ዘፈን ነው እያልከኝ ነው» አሉ።

«የገደላት በሽታዋ ነው። ዘፈኑ ግን እንዳናያት ጋረደን። ብናያት ምናልባት እንደርስላት ነበር። ምናልባት።»

«ዕቃው የማን ነው?»

ጋሽ ኑሩ እንዲዋሹ በልቤ ለመንኩ። በዚያ አገር ደም ቀላል ነገር አይደለም፤ ከአያ ፈንቴ ራስጌ ጠመንጃ ተሰቅሏል።

«የወንድሜ። ከድር ይባላል። አላወቀም ነበር። ደም የሚፈለግ ከሆነ ግን ታላቁ እኔ ነኝ፤ ይኸው መጥቻለሁ።»

እኔም ያን ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ቁልፏን ስለመጫኔ፣ የተኛች መስላኝ ስለማለፌ ተናገርኩ። አያ ፈንቴ ወደ እኔ አላዩም።

«ምነው ዝም ብትሉኝ ኖሮ» አሉ። «እግዜር ወሰዳት ብዬ ተቀምጬ ነበር። ከእግዜር ጋር አልጣላ። አሁን ከማን ጋር ልጣላ?»

ሳንመረቅ ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ ጋሽ ኑሩ ሳሉ ጠንቶባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ተሳስቼ ይሆን?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ዛሬም አላውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት አያ ፈንቴ በትራቸውን ይዘው ሆስፒታሉ መጡ። ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ፊት ተቀመጡ። «የተጻፈ ወረቀት አለ አሉኝ። ፈርምልኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላቸውም። ጥበቃዎቹ ሊያስነሡአቸው መጥተው ፊታቸውን አይተው ተመለሱ። ጋሽ ኑሩ ምሳ ወሰዱላቸው፤ አልበሉም። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ፈረመ። አያ ፈንቴ ማኅተሙ ሲመታ በዓይናቸው አይተው፣ ከእኛ ከማንኛችንም ጋር ሳይነጋገሩ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

መልሱ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው መጣ። ፍሪኩዌንሲው ለሆስፒታሉ ተመዝግቧል፤ በአካባቢው ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ተከልክሏል። ጋሽ ኑሩ ወረቀቱን ፕላስቲክ አስለብሰው ከስክሪኑ በላይ ሰቀሉት። ያን ጊዜ ከስምንቱ ሳጥኖች የሚሠሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። መለዋወጫ የለም፤ የእሳቸውም እጅ አልታዘዝ ብሏል። ደስ ያላቸው መስሎኝ ዞር ስል ግድግዳውን ተደግፈው ያለቅሳሉ።

እውነቱን ለመናገር መስመሩ መጥፋት ያቆመው ከወረቀቱ በፊት ነው። ከሠርጉ በኋላ ባለው ሳምንት ቆመ። ከአጥሩ ጀርባ ዘፈን ይሰማል፣ መስመሮቹ ግን አይነቃነቁም። ጋሽ ኑሩ ከስክሪኑ ፊት ተቀምጠው አዩት።

«ከድር ሰምቶኛል» አሉ።

«ሄደው አያመሰግኑትም?»

«እሄዳለሁ።»

ሳምንት ቆይቼ ጠየቅኳቸው። አልሄዱም። ወር ቆይቼም ጠየቅኳቸው። «የልጁን ሠርግ አበላሸሁ» አሉ። «ምን ብዬ በሩን ላንኳኳ?» ቆይተውም ጡረታ ወጡ። እኔም የዚያን ማሽን ጩኸት መስማት ስላቃተኝ ዝውውር ጠይቄ ወደ ማክሰኝት ወረድኩ።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ከድር በር ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አርጅቷል። አወቀኝና ከጎኑ አስቀመጠኝ።

«ማይኮቹን በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ወስጄ በሌላ ዓይነት ቀየርኳቸው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። «ያውቅ ነበር?»

«ያውቁ ነበር። በስክሪኑ ላይ አይተውታል።»

«ታዲያ ምነው አልመጣ?»

ሠርጉን ስላበላሹ በሩን ማንኳኳት አፍረው እንደነበር ነገርኩት። ከድር ሻሽ በተጠመጠመበት ራሱ ላይ እጁን ጫነ። «እኔ እኮ እሱ እስኪመጣ ነበር የምጠብቀው» አለ።

ከቀትር በኋላ አቧራ የለበሱ ሽማግሌ በበሩ ገቡ። አያ ፈንቴ ናቸው። የጋሽ ኑሩን ሞት በሰማሁበት ቀን ወደ እንፍራንዝ በእግር በሚሄድ ሰው መልእክት ልኬላቸው ነበር፤ ይመጣሉ ብዬ ግን አላሰብኩም። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «የቱ ነው ወንድሙ?» አሉኝ።

ሌላ ሰው ላሳያቸው አስቤም ነበር። ግን ጋሽ ኑሩ በአያ ፈንቴ ቤት ከመዋሸት ይልቅ እውነት የተናገሩ ሰው ናቸውና ከድርን አሳየኋቸው።

ሰው ቦታ ለቀቀላቸው፤ ከከድር አጠገብ ተቀመጡ። «እግዜር ያጥናህ» አሉት።

«አሚን። ከየት መጡ አባቴ?»

«ከእንፍራንዝ በላይ።»

«በእግርዎ?»

«መንገድ የለ። በእግሬ ነው እንጂ።»

ከድር እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። «አላህ ይስጥልኝ። ወንድሜን በምን ያውቁት ነበር?»

አያ ፈንቴ መለሱለት። «የልጄን አሟሟት ሊነግረኝ ቤቴ መጥቶ ነበር።»

የከድር ፊት አመድ መሰለ። እጁን ለቅቆ ሊነሣ ጉልበቱን ሰበሰበ። አያ ፈንቴ ግን የእጁን አንጓ ይዘውታል።

«ተቀመጥ» አሉት። «ለቅሶ ነው የመጣሁት።»

ከድር ተቀመጠ። ዱዓው ተደርጎ፣ የመጣው ሰው ሄዶ ሌላ ሰው እስኪመጣ ድረስ፣ አያ ፈንቴ አንጓውን አልለቀቁትም።